የልብስ ማጠቢያ መኪና አያያዝና አጸዳድ



የልብስ ማጠቢያ መኪና በካምፓችን ውስጥ በብዙ ሰው እጅ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ልብሳችንን የምናጥበው በሳፋ፣ በባልዲና በሁለት እጃችን ነው። ታዲያ ስለ መኪና መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝተው ናይሮቢ ከገቡት ወገኖቻችን መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ አሉ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ፈተና ወጥ መሥራት ወይም ቤት መወልወል ሳይሆን ይኸው መኪና ነው። ሁለተኛ፣ በካምፑ ውስጥ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል የሚያገኝ ሰው አነስተኛ መኪና ገዝቶ የሰው ልብስ በማጠብ ሊተዳደር ይችላል። ሦስተኛ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ቤተሰብ በሚገባበት ቤት ወይም በሕንፃው ምድር ቤት መኪናውን ማግኘቱ የተለመደ ነው። በሦስቱም ሁኔታ ዕቃውን የማያውቅ ሰው ሥራውን፣ ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በናይሮቢ ላቪንግተን ሠፈር በቤት ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች በየጊዜው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች መሠረት በማድረግ ነው። ላቪንግተን ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ፣ በጄምስ ጊቹሩና በጊታንጋ መንገዶች ዙሪያ የሚገኝ ሠፈር ነው። ቀድሞ የፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን የቅዱስ ኦስቲንን ሚስዮን አቋቁመው ቡና ያለሙበት አካባቢ ነበር። ዛሬ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶችና ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ይታዩበታል። በብዙዎቹ ቤቶች ጓሮ ኬንያውያን «ዶቢ» የሚሉት የሲሚንቶ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ፤ በቀን ክፍያ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ደግሞ «ማማ ፉዋ» ይሏቸዋል። አሁን ግን ከዶቢው ጎን መኪናው ቆሟል፤ ሠራተኛዋም ሁለቱንም እንድታውቅ ይጠበቅባታል።

1. መኪናው እንዴት ያጥባል?

ልብስ በውሃ ሲታጠብ የሚያጸዱት ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ሳሙና፣ ሙቀት፣ ማሸትና ጊዜ ናቸው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው መጨመር አለበት። በእጅ ስናጥብ ማሸቱን የሚሠራው ክንዳችን ነው። በመኪናው ውስጥ ግን ልብሱ በሚሽከረከረው ከበሮ ወደ ላይ እየተነሳ ተመልሶ ውሃው ላይ ይወድቃል። የሚያጸዳውም ይህ መውደቅና መፋተግ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ከበሮው ጢም ብሎ ከተሞላ ልብሱ የሚወድቅበት ቦታ ስለማያገኝ አይጸዳም። ሁለተኛው፣ አረፋ ሲበዛ ልብሱን እንደ ትራስ አቅፎ እንዳይፋተግ ያደርገዋል። እኛ አረፋ ካላየን የጠራ አይመስለንም፤ ይህም ከእንዶድ ዘመን ጀምሮ የለመድነው ነው። የእንዶድ አረፋ ብርቱ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋግጠዋል። ለዚህም ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ይሁን እንጂ ለወንዝ ዳር የሚበጀው አረፋ በመኪና ውስጥ ጉዳት አለው። ስለዚህ በሩ ከፊት ለፊት ለሆነ መኪና ለእጅ እጥበት የተሠራውን ዱቄት ሳሙና አታድርጉ። ካርቶኑ ላይ ለአውቶማቲክ መኪና መሆኑ የተጻፈበትን፣ አረፋው አነስተኛ የሆነውን ዓይነት ተጠቀሙ።

2. ሳሙና የሚውልበት ዕቃ ለምን ይቆሽሻል?

ብዙ ሰው «ዕለት ዕለት ሳሙናና ውሃ የሚያልፍበት ዕቃ ራሱን ያጸዳል» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መኪናውን የሚያቆሽሹት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ያልሟሟ ሳሙና፣ የሰውነት ቅባትና የልብስ ብናኝ ተዋህደው የሚፈጥሩት ዝቃጭ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲታጠብ ይህ ዝቃጭ በከበሮው ጀርባና በበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ይጋገራል። በላዩም ላይ ጀርምና ሻጋታ ይራባበታል። የታጠበው ልብስ መጥፎ ሽታ የሚይዘው፣ ጎማው ላይም ጥቁር ነጠብጣብ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው አሸዋና ደለል ነው። ናይሮቢ አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀው የንዳካይኒ ግድብ ነው። ከተማዋ ውሃ በፈረቃ የሚታደልባት ስለሆነች፣ ተቋርጦ የቆየ ውሃ ሲለቀቅ የቧንቧውን ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። በቦቴ የተቀዳ ውሃም እንዲሁ ደለል ሊኖረው ይችላል።

ሦስተኛው ከውሃው ውስጥ የሚወጣ ድንጋይ መሰል ቅርፊት ነው። አንዳንድ ውሃ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። በቤታችሁ ያለው ውሃ እንዲህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ውስጡን ተመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ የመኪናው ማሞቂያም ይዟል ማለት ነው። ቅርፊት የለበሰ ማሞቂያ ብዙ መብራት እየበላ ጥቂት ያሞቃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

3. የጽዳት ሥራ በየጊዜው

ሀ. ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ፦ ልብሱን ወዲያው አውጡ። የበሩን ጎማ እጥፋት በጣታችሁ ገልጣችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፀጉር፣ ሳንቲምና መርፌ ቁልፍ የሚደበቀው እዚያ ነው። በሩንና የሳሙናውን መሳቢያ ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ በመተው ውስጡ እንዲደርቅ አድርጉ። ነገር ግን ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ክፍሉን ራሱን ዝጉ። ሕፃን ከበሮው ውስጥ ገብቶ በሩ ቢዘጋበት አየር አጥሮት ሊሞት ይችላል።

ለ. በየሁለት ሳምንቱ፦ የሳሙናውን መሳቢያ አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ያለውን ምላስ ተጭኖ መሳብ ይበቃል። በሞቀ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፤ መሳቢያው የሚገባበትንም ቀዳዳ ጥረጉ። በብዙ መኪናዎች «2» ወይም ሁለት ሰረዝ ያለበት ክፍል የዋናው ሳሙና፣ የአበባ ምልክት ያለበት ደግሞ የማለስለሻው ነው።

ሐ. በወር አንድ ጊዜ፦ ልብስ ሳታስገቡ መኪናውን ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት አሠሩት፤ 90 ዲግሪ ካለው ደግሞ የተሻለ ነው። ጥቂት ዱቄት ሳሙና ጨምሩበት። ቅባቱን የሚያሟሟውና ሻጋታውን የሚያጠፋው ሙቀቱ ነው።

መ. ውሃው ቅርፊት የሚጥል ከሆነ በየሦስት ወሩ፦ የአምራቹ መመሪያ የማይከለክል ከሆነ ወደ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ከበሮው ውስጥ ጨምራችሁ ያለ ልብስ በሙቅ ውሃ አሠሩት። አቼቶን ለዚህ ሥራ ማዘውተር ጎማዎቹን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሲትሪክ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ኬንያ ውስጥ «ጂክ» እየተባለ የሚሸጠውም በረኪና መሆኑን አትርሱ። ሁለቱንም መጠቀም ካስፈለገ በተለያየ ቀን ይሁን፤ በመካከሉም መኪናው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

4. የፓምፑን ማጣሪያ ማጽዳት

«መኪናው ተበላሸ» ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ ማጣሪያው የተዘጋባቸው ናቸው። በሩ ከፊት በሆነ መኪና ማጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከታች በቀኝ በኩል ከትንሽ ክዳን ጀርባ ይገኛል። ሥራውም ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ምስማርና የጡት መያዣ ሽቦ ወደ ፓምፑ እንዳይገባ መያዝ ነው። ሲዘጋ ውሃው አይወጣም፤ ውሃ ካልወጣ መኪናው ልብሱን አይጨምቅም፤ በሩም አይከፈትም። በሩን በጉልበት መሳብ እጀታውን ከመስበር በቀር ጥቅም የለውም። ከዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ መኪናውን አጥፍታችሁ ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። ሁለተኛ፣ በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከነበረ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ የሚወጣው ውሃ ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛ፣ ዝርግ ዕቃና ጨርቅ ከሥሩ አድርጉ፤ ትንሽ የማፍሰሻ ቱቦ ካለው መጀመሪያ በእርሱ ውሃውን አውጡ። አራተኛ፣ ማጣሪያውን ወደ ግራ በቀስታ ፍቱ፤ ውሃ መፍሰስ ሲጀምር መልሳችሁ እያጠበቃችሁ ዕቃውን ድፉ። አምስተኛ፣ ማጣሪያውን አውጥታችሁ በቧንቧ ውሃ እጠቡ፤ በቀዳዳውም ውስጥ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ስድስተኛ፣ ማጣሪያውን በደንብ አጥብቃችሁ መልሱ፤ ላልቶ ከቀረ ቤቱ በውሃ ይጥለቀለቃል። ይህን በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

ውሃ የማይገባ ወይም በዝግታ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ቧንቧውን ዝጉና የውሃ መግቢያውን ጎማ ከመኪናው ጀርባ ፍቱ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በጥንቃቄ አውጥታችሁ እጠቡ፤ ደለሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

5. ጋቢ፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ

አምራቾች በሚያሳትሙት የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጋቢ የሚናገር አይገኝም። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ በጣም ይጨምራል። ብቻውን ሲገባ ተጠቅልሎ በአንድ ወገን ስለሚቆለል፣ መኪናው በሚጨምቅበት ጊዜ እየዘለለ ከቦታው ይነቃነቃል። ይህ ሲደጋገም ከበሮውን የያዘው ኩሽኔታ ያልቃል፤ የእርሱ ጥገና ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ጋቢን ከሁለት ወይም ከሦስት ፎጣዎች ጋር አመጣጥናችሁ፣ በዝቅተኛ የመጭመቂያ ፍጥነት እጠቡ። መኪናው ትንሽ ከሆነ ዶቢው ይሻላል።

ጥበብ ያለው ቀሚስና ነጠላ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ። የጥለቱ ቀለም በሙቅ ውሃ ሊለቅ፣ ነጩንም ሊያበላሽ ይችላል፤ የነጠላው ጫፍ ዘርፍም በከበሮው ውስጥ ይተበተባል።

ለሁሉም ልብስ የሚያገለግል መለኪያ አለ፤ ልብሱ ከገባ በኋላ ከላይ ቁም መዳፍ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ሊቀር ይገባል። ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፤ አቧራና አሸዋ ያለበት ልብስ ከመግባቱ በፊት ውጪ ይራገፍ።

6. ስለ ኤሌክትሪክ

የኬንያ መብራት 240 ቮልት ሲሆን ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ ውስጡም ፊውዝ ይዟል። በአገራችን የለመድነው ባለ ሁለት ክብ ጥርሱን ነው። አንዳንድ ሰዎች የላይኛውን ቀዳዳ በብዕር ወይም በእንጨት እየከፈቱ ባለ ሁለቱን ስፒና በግድ ያስገባሉ። ይህ ለልብስ ማጠቢያ መኪና እጅግ አደገኛ ነው። ሦስተኛው ጥርስ ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሲሆን፣ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ቢነካው ኃይሉ በሰው በኩል ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ያደርጋል። እርጥብ እጅና እርጥብ ወለል ባለበት ቦታ ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ የለም።

ውሃ የሚያሞቅ መኪና 2000 ዋት ገደማ ስለሚስብ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አትሰኩት፤ ገመዱ ግሎ እሳት ያስነሳል። መኪናውን ስትነኩ እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ አካሉን መንካት አቁሙ፤ ከማከፋፈያው ሳጥን መብራቱን አጥፉ፤ ባለሙያም ጥሩ። «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አዲስ የተገዛ መኪና ደግሞ በመንገድ ላይ ከበሮው እንዳይጎዳ ከጀርባው በረጃጅም ብሎኖች ታስሮ ይመጣል። እነዚህ ብሎኖች ከመጀመሪያው እጥበት በፊት መፈታት አለባቸው። ሳይፈቱ ከተሠራበት መኪናው ቤቱን እያናወጠ ራሱን ይሰብራል። ቤት በሚቀየርበት ጊዜ መልሶ ለማሰር ስለሚያስፈልጉ አትጣሏቸው።

7. በካምፕ ውስጥ ለሚሠራባቸው ባለ ሁለት ገንዳ መኪናዎች

በካምፑ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው የሚስማማው ባለ ሁለት ገንዳ መኪና ነው። በአንዱ ገንዳ ይታጠባል፤ በሁለተኛው ይጨመቃል። ውሃ ስለማያሞቅ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ነው፤ ውሃውም በባልዲ ይሞላል፤ የቧንቧ መስመር አያስፈልገውም። በአንድ ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙን፣ በመጨረሻም የሥራ ልብሱን ማጠብ ይቻላል። የመታመም ምልክት ያለበት ሰው ልብስ ግን ለብቻው ይታጠብ።

አያያዙም ቀላል ነው። በገንዳው ውስጥ ያለችውን የብናኝ መያዣ መረብ በየቀኑ ገልብጣችሁ እጠቡ። ማታ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አፍስሳችሁ ውስጡን አድርቁ። የካምፓችን ፀሐይ ፕላስቲክንና ጎማን ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ መኪናው በጥላ ሥር ይቁም፤ ሥራ ሲያቆም ከአቧራ ይሸፈን። የመጭመቂያው ገንዳ ፈጽሞ ሳይቆም እጅ አይግባ፤ የሚሽከረከር ልብስ ጣት ጠምዝዞ ይሰብራል።

8. የሠራተኛው ኃላፊነትና መብት

በሰው ቤት ሥራ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን ከአሠሪው ጋር ሆኖ መኪናውን ቢያይ ይጠቅመዋል። ድሮ የነበረ ጉዳት፣ ማለትም የተቀደደ ጎማ፣ የሚያፈስ ቱቦ ወይም የሚጮህ ከበሮ ካለ ያኔውኑ ይነገር፤ ቢቻል በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይያዝ። መኪናው አዲስ ድምፅ ካሰማ ደብቆ ማሠራት ሳይሆን አቁሞ መንገር ነው። ማጣሪያውን ማጽዳት የሠራተኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባውን ፈትቶ ሽቦ መንካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

መኪና ሲበላሽ ከደመወዝ የመቁረጥ ነገር ይነሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ በአንቀጽ 19 ስለዚህ ጉዳይ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት አሠሪ በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው፣ ጉዳቱ ሠራተኛው ሆን ብሎ በፈጸመው ጥፋት የመጣ ሲሆንና መጠኑም ተገቢ ሲሆን ነው። የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮም ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በዕድሜ ብዛት ያለቀ ኩሽኔታ ወይም በቅርፊት የተቃጠለ ማሞቂያ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት አይደለም። ችግር የገጠመው ሰው ብቻውን ከመጨነቅ ይልቅ በናይሮቢ እንደ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ ያሉ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶችን ቢያማክር መልካም ነው።

ማጠቃለያ

ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ሃንስ ሮዝሊንግ በ2010 እ.ኤ.አ. ባደረጉት አንድ ንግግር፣ እናታቸው የልብስ ማጠቢያ መኪና በገዙ ጊዜ ያተረፉት ትልቁ ነገር ጊዜ መሆኑን ተናግረው ነበር። እናትየው በተረፋቸው ሰዓት ልጃቸውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወስዱ፣ ያነቡለትም ነበር። እኛም ዘንድ ውሃ ስትቀዳና ልብስ ስትፈትግ ውላ የምትመሽባት እህት፣ የማታ ትምህርት ለመከታተል የሚቀራት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ እያንዳንዳችን እናውቃለን። እኛ መምህራን ይህን ከክፍል መቅረቷ እናየዋለን።

ስለዚህ መኪናው የአሠሪም ይሁን የራስ፣ በጣሪያ ሥር ያለ የሥራ ባልደረባ ነው። በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ለጽዳቱ የሰጠ ሰው ብዙ ሰዓት ይመለስለታል። ይህን ገጽ ያነበበ ላላነበበው ያንብብለት፤ በተለይም ወደ ሥራ ለመሄድ ጓዟን ለምትሸክፍ እህት ይድረሳት።

ቸር ይግጠመን።